የውቤ በረሃዋ ልብስ ሰፊ

አምለሰት ሰው በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ ቆማ የአንዲትን ጌይሻ ክብር ያስከበረችበት ሐሙስ፣ ማምሻውን ቤቷ ገብታ የገዛ እናቷን አፍ ያስዘጋችበት ሐሙስ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረጓን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም።

ነገሩ የሆነው ሜልበርን ከተማ፣ ኬንሲንግተን ባለው የአረጋውያን መጦሪያ፣ በምትሠራበት ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሼ አዛርያስ በየሐሙሱ እየመጡ ለአረጋውያኑ ይጸልያሉ። አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው በሌለበት ቤት በአማርኛ ይጸልያሉ፤ ጌታ አስተርጓሚ አይፈልግም ባይ ናቸው። የዚያን ዕለት በወይዘሮ ፉሚኮ በር ሲያልፉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ዓይናቸው ገባ። ፊቷን ነጭ የተቀባች፣ ፀጉሯን እንደ አክሊል ያስነሣች፣ ወለል የሚጠርግ ኪሞኖ የለበሰች ልጅ እግር ናት።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ።

«ራሳቸው ወይዘሮ ፉሚኮ ናቸው፤ በወጣትነታቸው። ጌይሻ ነበሩ» አለቻቸው አምለሰት።

ጋሼ አዛርያስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ጌታ ይማራት እንግዲህ! የሴተኛ አዳሪ ፎቶ እንዲህ በአደባባይ ይሰቀላል?»

አምለሰት የያዘችውን የምሳ ትሪ አስቀመጠች። ሰውዬውን ታከብራቸዋለች፤ ከማክበርም አልፎ ትፈራቸዋለች። ልጇን ያብስራን ሊያገባ የሚፈልገውን ቃልኪንን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ ለሽምግልና የሚመጡትም እሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ አላስቻላትም።

«ጋሼ አዛርያስ፣ ይቅር ይበሉኝና ተሳስተዋል። ገላ መሸጥ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። በልጅነታቸው ነው ገብተው የተማሩት። መዝፈኑን፣ መጫወቱን፣ ውዝዋዜውን፣ እንግዳ ማክበሩን። ባለሙያ ናቸው። ሰውን በማያውቁት ሙያው መስደብ ነውር አይሆንም?»

ነውር የሚለው ቃል ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ጋሼ አዛርያስ ግን አልተቆጡም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «አንቺ ካልሽ እሺ፤ እኔ ምን አውቄ» ብለው ገቡ። ለወይዘሮ ፉሚኮም ከሌላው ሰው ሁሉ አስረዝመው ጸለዩላቸው። አምለሰት ከሺፍቷ ወጥታ ባቡር እስክትቀይር ድረስ በራሷ ስትኮራ ነበር።

ሰንሻይን ዌስት ደርሳ የቤቷን በር ስትከፍት እናቷ ዓለምጸሐይ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። መስኮቱ ተከፍቷል።

«እማዬ! መስኮቱ!»

«ሙቀት እኮ ነው።»

«ሰው ይሰማል አላልኩሽም?»

ሰው የተባለው በአንድ በኩል ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሽማግሌ የማልታ ተወላጅ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቬትናሞች ናቸው። አምለሰት የፈራችው ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉትን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው። እናቷ እጇን በፎጣ ጠርጋ መስኮቱን ዘጋችው፤ ዜማውንም እዚያው ላይ ቆረጠችው።

ዓለምጸሐይ አዝማሪ ነበረች። እንዲያው ሠርግ ላይ እልል የምትል ዓይነት አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን፣ ውቤ በረሃ ሞቅ ባለበት ጊዜ፣ በእትዬ አመለወርቅ ቤት ማሲንቆ ከሚመታው ባሏ ጋር ቆማ ስትዘፍን ሰው ደጅ ድረስ ቆሞ የሚያዳምጣት ነበረች። አምለሰት የተወለደችው ከዚያ ቤት ጓዳ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ተኝታ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የእናቷን ድምፅ እየሰማች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ልጆቹ «የአዝማሪ ልጅ» አሏት፤ አንዷም አብራት አልቀመጥም አለች። ከዚያ ወዲህ አምለሰት ስለ እናቷ ሙያ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀና የውቤ በረሃ ገበያ ሞተ፤ አባቷም ሞተ፤ እናቷ ጉሊት ወጣች። ልጅቱ አድጋ በሱዳን አድርጋ ሜልበርን ገባች፤ ካርቱም ሳለች ጌታን ተቀበለች፤ እዚህ ደርሳ የመዘምራን መሪ ሆነች። ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው የሚጠይቃት ሲኖር «ስጦታ ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም፤ የሰጪዋን ስም ብቻ ነው የምትዘለው። የራሷ ባል ከሞተ በኋላ እናቷን በስንት ልፋት ስታስመጣም ደስ ያላትን ያህል ሰግታ ነበር።

አምለሰትና ወይዘሮ ፉሚኮ የተግባቡት በአሮጊቷ የትውልድ ሰፈር ስም ነው። አሮጊቷ አንድ ቀን ገላቸውን እያጠበቻቸው «ጊዮን ነው ያደግሁት» ሲሉ አምለሰት ሳቀች። «ግዮን የእኛ ወንዝ ነው፤ አዲስ አበባም በስሙ ሆቴል አለን» አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ገላ መታጠቢያው የተረት ቤት ሆነ።

ጊዮን ኪዮቶ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ታላቅ ቤተ መቅደስ ደጃፍ የበቀለ ሰፈር ነው አሉ። ጥንት ተሳላሚው ሁሉ እግሩን የሚያሳርፍበት የሻይ ዳስ ነበረበት። ዳሱ ቤት ሆነ፤ ሻይ የምትቀዳው ልጅ መዝፈንና መወዛወዝ ጀመረች፤ ቤቱ ቤት እየወለደ ጠባብ ጠባብ መንገድ ያለው መንደር ሆነ። ፊት ለፊቱ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳያል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም። ሲመሽ በየደጁ ቀይ ፋኖስ ይሰቀላል። «ከመቅደስ በር ላይ የዘፈን መንደር?» ብላ አምለሰት ተገረመች፤ ወይዘሮ ፉሚኮ ደግሞ የእሷ መገረም ገረማቸው። እዚያ ያለውን ኑሮ «የአበባና የአኻያ ዓለም» ይሉታል። አምለሰት አኻያን የምታውቀው በመዝሙረ ዳዊት ምርኮኞች መሰንቋቸውን እንደሰቀሉበት ዛፍ ነው።

«ልጅቱ ስትገባ እናት ይሰጧታል፤ የቤቱ እመቤት እናቷ ናት» አሉ ወይዘሮ ፉሚኮ። «ታላቅ እህትም ይሰጧታል። ከአንድ ዋንጫ ትጠጣላችሁ፤ በቃ፣ እህትሽ ናት። በክረምት መስኮት ከፍተን ነበር የምንዘፍነው፤ ድምፅ በብርድ ይጠነክራል ይሉ ነበር። ጉልበቴ ያኔ ነው የሞተው።»

ከሁሉ የገረማት የበሩ ሕግ ነው። ጊዮን ዋስ የሌለው እንግዳ አይገባም። ባለጠጋም ይሁን ሹም፣ ቤቱ የሚያውቀው ሰው ይዞት ካልመጣ በሩ አይከፈትለትም። ገብቶ ቢባልግ ደግሞ የሚያፍረው እሱ አይደለም፤ ይዞት የመጣው ነው። እቤት ውስጥ የተሰማም እቤት ውስጥ ይቀራል።

«ታዲያ ለምን ተዉት?» አለቻቸው አምለሰት።

«መች ተውኩት! ጦርነቱ ሲብስ መንግሥት ቤቶቻችንን ዘጋ። መርፌና ክር ሰጥተው የወታደር ልብስ አሰፉን። ይገርምሻል፣ ትናንት ሲያዩን ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴቶች ያኔ ጎንበስ እያሉ ሰላም ይሉን ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ ተመለስኩ። ከዚያ ጂም መጣ።» ጂም አውስትራሊያዊው ወታደር ባላቸው ነው። «ወደዚህ ሲያመጣኝ ለእናቱ ‹ልብስ ሰፊ ናት› አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፈረ እንጂ። እኔም ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ልብስ ሰፋሁ። አማቴ ስትሞት የተቀበረችበትን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያንን ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ጂምን ከቀበርኩ በኋላ ነው።»

አምለሰት ያን ዕለት እንባዋ መጣ፤ ያልታሰበውንም ተናገረች። «የእኔም እናት ዘፋኝ ነበረች» አለች። ይህን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

ወይዘሮ ፉሚኮ የደረቀ እጃቸውን ዘርግተው ያዟት። «አምጫት። ዋሷ አንቺ ነሽ።»

አመጣቻት። ቀኑን ግን ማክሰኞ አደረገችው፤ ጋሼ አዛርያስ የሚመጡት ሐሙስ ነዋ። ክፍሉ ውስጥ እንደገቡም በሩን ዘጋችው። ሁለቱ አሮጊቶች ጎንበስ ጎንበስ ተባብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ፉሚኮ ከቁምሳጥን ውስጥ በሐር የተጠቀለለ ሻሚሰን አስወጡ፤ ባለ ሦስት ክር፣ ቆዳ የለበሰ መሣሪያ ነው። ዓለምጸሐይ አገላብጣ አየችውና፣ «ማሲንቆ ነው እኮ! ሁለት ክር ትርፍ አስገቡበት እንጂ» አለች። አምለሰት ስትተረጉምላቸው ወይዘሮ ፉሚኮ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጣታቸው ደርቋል፤ ግን መቱላት። ዓለምጸሐይ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ አዳመጠች፤ ከዚያ ገባችበት። ድምፅዋ ሲወጣ አምለሰት ከመጋረጃው ወዲህ የተኛች መሰላት። ዕድሜ ጫፉን ሸርፎታል፤ ወገቡ ግን ያው ነው። ከጎረቤት ክፍል አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አዛውንት በሩን ገፍተው ገቡና ያጨበጭቡ ጀመር። አምለሰት ተነሥታ እንደገና ዘጋችው።

«እናንተ ዘንድ እንግዳው ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ፉሚኮ።

«ግጥም ይሰጠናላ!» አለች ዓለምጸሐይ፤ ፊቷ የወጣት ሆኗል። «‹ተቀበል› ይላል እንግዳው፤ ግጥሙን ይናገራል። እኛ ተቀብለን በዜማ እንመልስለታለን። ውዳሴም ይሁን ስድብ፣ የሰከረም ይስጠው ያልሰከረ። እኔን የሚሰድብ ግጥም ሰጥተውኝ ራሴን አሳምሬ ሰድቤያለሁ። አዝማሪ የተሰጣትን ግጥም መሬት አትጥልም። ከጣለች ቤቱ ነው የሚያፍረው።»

ወይዘሮ ፉሚኮ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ለእናቷ ረጅም እጅ ነሷት። በባቡር ሲመለሱ ዓለምጸሐይ ጉንጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ «ጥሩ ቤት ወሰድሽኝ፤ ተባረኪ» አለች። አምለሰትም በዚያ ምርቃት ውስጥ ሆና ሐሙስ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያለች ታስብ ነበር።

ያብስራን ለቃልኪን ሊጠይቁ ሽማግሌዎቹ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አምለሰት እናቷን «ደክሟታል» ብላ ጓዳ ልታስቀምጣት አስባ ነበር፤ ያብስራ አልሰማትም አለች። «ማም፣ አያቴ ከሌለች እኔም የለሁም። አይ ሚን ኢት» አለች። እናም ዓለምጸሐይ ነጠላዋን አጣፍታ ከሶፋው ጥግ ተቀመጠች።

ጋሼ አዛርያስና ሁለት ጓደኞቻቸው እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የአምለሰት ሟች ባል ወንድም ወንድይፍራው በቤተሰቡ ስም «ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» አለ፤ ተነገረው፤ ተቀመጡ። ዘር ተቆጠረ፤ ዝምድና እንደሌለ ታወቀ። ሻይ ቀረበ። ሁሉ ነገር አምሮ ሲሄድ ጋሼ አዛርያስ በደግነት ወደ ሶፋው ጥግ ዞሩ።

«እትዬ ዓለምጸሐይ፣ የልጅ ልጅዎን ጨዋነት ስናይ ከየት እንደመጣ ገባን። ለመሆኑ አገር ቤት ሳሉ ሙያዎ ምን ነበር?»

ዓለምጸሐይ አፏን ከፈተች፤ ከመናገሯ በፊት ግን ልጇን አየች። ያ አስተያየት የልመና አልነበረም፤ ምን ልበል የሚል ብቻ ነው። አምለሰት በዚያች ቅጽበት የታያት የልጇ ፊት አይደለም፤ የመዘምራኑ ወንበርና ትምህርት ቤት አብራት አልቀመጥም ያለችው ልጅ ናቸው።

«ልብስ ሰፊ ነበረች» አለች። «በጣም የታወቀች ልብስ ሰፊ።»

ቃሉ የእሷ እንኳ አልነበረም፤ የጂም ነው። የሞተ ፈረንጅ ውሸት ከመቃብር አውጥታ ለእናቷ አለበሰቻት። ያብስራ አንገቷን ቀና አድርጋ እናቷን አየቻት። «ሪሊ፣ ማም?» አለች በለሆሳስ።

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን አስተካከለች። «አዎን» አለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። «እሰፋ ነበር። የተቀደደ ይዞ የማይመጣ ሰው አልነበረም። ስንቱ ልቡ ተተርትሮ መጥቶ በእጄ ተጠግኖ ሄዷል መሰላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ በአነጋገሯ ተደስተው ሳቁ። «ሙያ በልብ ነው!» አሉ ጋሼ አዛርያስ፤ መረቋት። አምለሰት ብቻ ናት የገባት። እናቷ ግጥም ተቀበለች። ልጇ የወረወረችላትን መናኛ ውሸት አንሥታ፣ አሳምራ፣ ለእንግዳ መለሰችው። አምለሰት ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ የሻይ ኩባያዎቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፍታ ያንኑ ኩባያ ደጋግማ አጠበች። ሽማግሌዎቹ የቤተሰቡን መልስ ለመስማት ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ዓለምጸሐይ ማንጎራጎር ተወች። አልተኮራረፉም፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ያብስራን ትመርቃለች። ዕቃ ስታጥብ ግን የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። አምለሰት ስንት ጊዜ የለመነችው ጸጥታ መጣላት፤ ቤቱ ግን ሰው የወጣበት መሰላት። አንድ ቀን ራሷ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው፤ እናቷ ቀና ብላም አላየችው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ያልቃል ይባላል፤ የአምለሰት ውሸት ግን ከማለቁ በፊት ወለደ። የጋሼ አዛርያስ ባለቤት እትዬ ማንተግቦሽ፣ አምለሰት ሥራ በሄደችበት፣ አንድ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ይዘው መጡ። ለመልሱ ቀን ሊለብሱት ፈልገው ታች በኩል ረዝሞባቸዋል፤ «በእርስዎ እጅ ቢሆንልኝ በረከት ነው» ብለው ለዓለምጸሐይ ሰጥተዋት ሄዱ።

አምለሰት በማግስቱ እናቷን ያገኘቻት መስኮቱ አጠገብ ነው። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ወርዷል፤ ቀሚሱ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፤ ክሩ ተጠላልፏል። አውራ ጣቷን በወረቀት ጠቅልላዋለች፤ ወረቀቱ ቀልቷል።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«የማንተግቦሽን ቀሚስ እየሰፋሁ።»

«ዓይኔ ደክሟል ብለሽ አትመልሽውም ነበር? አምጪው፣ ፉትስክሬይ ልብስ ሰፊ አለ፤ አሁኑኑ ልውሰደው።»

«ለእኔ ነው የሰጠችኝ።» ዓለምጸሐይ ቀሚሱን ወደ ራሷ ሳበችው። «አንቺው አይደለሽ ግጥሙን የሰጠሽኝ? ተቀበልኩ። አሁን መሬት ልጣለው? በቤትሽ ላሳፍርሽ?»

ይህን ያለችው ልታቆስላት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። አምለሰት ተንበርክካ ጣቷን ልትይዝላት ስትል ዓለምጸሐይ በመርፌው እንዳትወጋት እጇን አሸሸችባት።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ፉሚኮ «እናትሽ መቼ ትመለሳለች? ክሩን አስጠብቄላታለሁ» አሏት። አምለሰት ጠጉራቸውን እያበጠረች ነበር፤ ከኋላ መሆኗ ጠቀማት፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አሳዩዋት፤ ጫፉ በመርፌ ብዛት እንደ ቀንድ ደርቋል።

«ዋሷ አንቺ ነበርሽ» አሉ። አምለሰት ማበጠሪያውን ይዛ ቆመች፤ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር።

የመልሱ ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ እትዬ ማንተግቦሽም ቀሚሱን ለብሰው አብረዋቸው መጡ። ቀሚሱ በግራ በኩል ቁርጭምጭሚታቸውን ያሳያል፤ በቀኝ በኩል ይረገጣል። ጥለቱ ተጣምሟል፤ ከስፌቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለች፤ ታጥባ ታጥባ አልለቀቀችም። ደግ ሴት ናቸው፤ ሌላ ሊለብሱ ሲችሉ የሰፊዋን ልብ ላለመስበር ብለው ለብሰውት ነው። ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ወንድይፍራው ቤተሰቡ መስማማቱን ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን ጋሼ አዛርያስ ዝም ማለቱ ከበዳቸው።

«እትዬ ዓለምጸሐይ፣ እንዳያዝኑ» አሉ። «ዓይን ሲደክም እጅ ይስታል። የእርስዎ የጥንት ሙያ በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዓለምጸሐይ አጎነበሰች። ውቤ በረሃ ደጅ ድረስ ሰው ያቆመችው ሴት የተወጋ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ድሮም ቢሆን ያን ያህል አልነበርኩም።»

አምለሰት ይህን መስማት አልቻለችም። ውሸቱን ችላዋለች፤ የመርፌውን ደም ችላዋለች፤ እናቷ «ያን ያህል አልነበርኩም» ስትል ግን መሬት ብትሰነጠቅና ብትውጣት በወደደች። በወይዘሮ ፉሚኮ ክፍል በሩን የዘጋችው እሷ፣ በቤቷ መስኮቱን ያስዘጋችው እሷ፣ ለማታውቀው አገር ዘፋኝ ኮሪደር ላይ ጥብቅና የቆመችውም እሷ። የልጇን ዕድል በሁለት ቃል ልታፈርስ እንደምትችል ታውቃለች። ያብስራን አየቻት። ያብስራ የቃልኪን ቀለበት በጣቷ እያዞረች ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች።

አምለሰት ተነሣች። ወንድይፍራው ምን ሆነሽ ነው በሚል ዓይን አያት። በእናቷ ፊት ቆመችና ጌታን ከተቀበለች ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ቢሆን፣ ብላው የማታውቀውን ቃል አለች።

«ተቀበይ፣ እማዬ።»

ዓለምጸሐይ ቀና አላለችም። ጆሮዋ ግን ቆመ፤ አምለሰት አየችው።

«እናቴን ሰፊ ናት ብዬ ያወራሁት፣
በድምጿ አድጌ ነው ድምጿን የቀበርሁት።»

በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ግማሹ ብቻ ነው። እትዬ ማንተግቦሽ የተጣመመ ጥለታቸውን አዩ፤ ከዚያ የዓለምጸሐይን እጅ አዩ። ጋሼ አዛርያስ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳርፈው ነበር፤ እንደዚያው ቆዩ። «ያቺ... ያቺ ጃፓናዊት...» አሉና የቀረውን ዋጡት።

ዓለምጸሐይ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ዝቅ አደረገች። ወገቧን አቀናች፤ ሁለቱን መዳፎቿን ለማጨብጨብ አቀራርባ ይዛ፣ ልጇን ሳይሆን እንግዶቹን አየች።

«አልሰማሁም» አለች። «ሰዎቹም አልሰሙም። ጮክ በይ።»

አምለሰት ጮክ ብላ ደገመችው።